ከሾላ ገበያ እስከ ጀጎል



ውድ አንባቢያን! ሾላ ገበያን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ ብዬ እገምታለሁ። ለማታውቁት ግን ልንገራችሁ፤ በየካ ክፍለ ከተማ፣ መገናኛ አጠገብ ያለ ትልቅ ገበያ ነው። ሽንኩርቱ፣ በርበሬው፣ ቅቤው፣ ዶሮው፣ እህሉ ሁሉ በየመደቡ ተደርድሮ ይሸጣል። ከዳር ከዳሩ ደግሞ «ልዋጭ!» የሚሉና «ቆራሌው!» እያሉ አሮጌ ዕቃ የሚገዙ ሰዎች ድምፅ ይሰማል። ቅመም የሚሸጡ እናቶች ኮረሪማውንና ጥቁር አዝሙዱን የሚጠቀልሉት በአሮጌ ደብተርና መጽሐፍ ወረቀት ነው።

እኔ በዚህ ሰፈር ልጆችን ቁርኣን እያስቀራሁ መኖር ከጀመርኩ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል። አንድ አመል አለኝ። ቅመም ገዝቼ ቤቴ ስገባ የተጠቀለለበትን ወረቀት ገልብጬ ሳላነብ አልጥልም። ባለቤቴ ትስቅብኛለች። አንደኛው ምክንያቴ እናንተም የምታውቁት ነው፤ የአላህ ስም የተጻፈበት ወረቀት እግር ሥር እንዳይወድቅ እሰጋለሁ። ሁለተኛው ምክንያት ግን የራሴ ጥፋት ነው። ለብዙ ዓመታት ለሰው ሳልናገረው ቆይቼ ነበር። አንድ ጥንታዊ ከተማ ሄጄ ታሪክን ባየሁ ጊዜ ነው ለመናገር የተገደድኩት። ስለዚህ ነገሩን ከጉዞው ልጀምርላችሁ።

የጉዞው ሐሳብ የመጣው ከአንድ ልጅ ጥያቄ ነው። በ2007 ዓ.ል. መጀመሪያ ላይ አንዳንድ ደረሶቼ ከመንግሥት ትምህርት ቤታቸው ጋር አምስት ኪሎ ወደሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየም ሄደው ነበር። ድንቅነሽን አይተው፣ የነገሥታቱን ልብስና ዙፋን አይተው ተደስተው ተመለሱ። ማታ ለቁርኣን ሲመጡ ከመካከላቸው አንዱ፣ «ኡስታዝ፣ የእኛ አባቶች የሠሩት ነገርስ የት ሄዶ ነው የሚታየው?» አለኝ። እኔም ከማብራራት ይልቅ ብናየው ይሻላል ብዬ ከወላጆች ጋር ተማከርኩ። ወላጆች ገንዘብ አዋጥተው አውቶቡስ ተከራየን። በየካቲት ወር የግማሽ ዓመት ዕረፍት፣ ከሱብሒ ሰላት በኋላ ከሾላ ተነስተን ወደ ሐረር አቀናን።

ከአዲስ አበባ እስከ ሐረር ከአምስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አዳማን፣ መተሐራን፣ አዋሽን፣ ሚኤሶን አልፈን የጨርጨርን ተራራ ስንወጣ ቆላው ቀርቶ ደጋው ተቀበለን። ጨለንቆ ስንደርስ ወርደን ዙህርንና ዐስርን አጣምረን ሰገድን። ለልጆቹም የቆሙበት ቦታ ምን እንደ ሆነ ነገርኳቸው። እ.ኤ.አ. በ1887 መጀመሪያ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ጦርና የሐረሩ አሚር ዐብዱላሂ ጦር የተዋጉት እዚህ ነው። አሚሩ ተሸነፉ፤ ሐረርም በዚያው ወር በምኒልክ እጅ ገባች። ከዚያ በኋላ ከተማዋን እንዲያስተዳድሩ የተሾሙት ራስ መኮንን ናቸው። ልጆቹ ሜዳውን ዝም ብለው አዩት። እህል የሚዘራበት እንደ ማንኛውም የገበሬ መሬት ነው።

ማምሻውን ሐረር ገባን። በማግሥቱ ሱብሒን በታላቁ ጃሚዕ መስጂድ ሰግደን ጉብኝታችንን ጀመርን።

ውድ አንባቢያን! ጀጎል ማለት ከተማዋን የከበበው ግንብ ነው፤ በግንቡ ውስጥ ያለችውም ከተማ በዚሁ ስም ትጠራለች። የከተማዋ ተወላጆች ግን በራሳቸው ቋንቋ «ጌይ» ይሏታል፤ ከተማ ማለት ነው። ግንቡን ያሠሩት አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ መሆናቸውን የሐረር ሰዎች ከአባት ወደ ልጅ ሲያስተላልፉት ኖረዋል። ጊዜው 16ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ነው። ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም እ.ኤ.አ. በ1543 ከተገደሉ በኋላ ሐረር ጦሯ ተመናምኖ፣ በየአቅጣጫው ጠላት ከብቧት ነበር። አሚር ኑር ያን ጊዜ ያደረጉት ከተማዋን በድንጋይ ማጠር ነው። አራት ሜትር ያህል ከፍታ ያለውና ከሦስት ኪሎ ሜትር በላይ የሚዞረው ይህ ግንብ ብዙ ሥልጣኔ ያላቸው ከተሞች ሲጠፉ ሐረርን አቆያት።

ግንቡ አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት። በአማርኛ ፈላና በር፣ ኤረር በር፣ ሰንጋ በር፣ ቡዳ በርና ሸዋ በር ይባላሉ፤ ሐረሪዎቹ ደግሞ አሱም በሪ፣ አርጎብ በሪ፣ ሱቁጣጥ በሪ፣ በድሮ በሪና አስማዲን በሪ ይሏቸዋል። ዛሬ መኪና የሚገባበት ስድስተኛው በር በኋላ ዘመን የተከፈተ ነው። ከግንቡ ሥር ደግሞ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ። ጅቦች ሌሊት እየገቡ የከተማዋን ጥራጊ እንዲበሉ ተብለው የተተዉ ናቸው። ልጆቹ ከሁሉም አስቀድመው የወደዱት ይህንን ነው። ለጠላት በሩን የዘጋ ሕዝብ ለጅብ ቀዳዳ መተዉ አስገረማቸው!

በግንቡ ውስጥ ያለው ቦታ 48 ሄክታር ያህል ነው። በዚህች ጠባብ ቦታ ላይ 82 መስጂዶችና ከመቶ በላይ የአውሊያ መቃብሮች መኖራቸውን፣ ከመስጂዶቹም ሦስቱ ከ10ኛው ክፍለ ዘመን የቆዩ መሆናቸውን ዩኔስኮ መዝግቦ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ጀጎልን ከዓለም ቅርሶች ተርታ አሰልፏታል። ሐረሪዎች ከረመዳን በኋላ የሸዋልን ስድስት ቀን ጾም ሲፈቱ የሚያከብሩት ሹዋሊድም እ.ኤ.አ. በ2023 በዚሁ ድርጅት ዘንድ የሰው ልጆች የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል።

በጠባቡ መንገድ ወደ መኪና ግርግር ወረድን። ስሙ የመጣው በግራና በቀኝ ከተቀመጡት ልብስ ሰፊዎች የስፌት መኪና ድምፅ ነው። አንዷ ደረሳ፣ «ኡስታዝ፣ ይሄማ ሾላ ነው!» አለች። እውነቷን ነው። ሻጩና ገዢው፣ ጩኸቱ፣ መደቡ ያው ነው። ልዩነቱ ሌላ ነው። ሐረር ነጋዴ ከተማ ብቻ አልነበረችም። ከ1647 እስከ 1875 እ.ኤ.አ. ድረስ በራሷ አሚሮች ትተዳደር ነበር፤ በራሷ ስም ገንዘብ ትመታ ነበር፤ ኪታብ ትገለብጥና ትጠርዝ ነበር። በ1875 የግብጽ ጦር ገብቶ አሥር ዓመት ያህል ያዛት፤ ግብጾቹ ሲወጡ የተተኩት ጨለንቆ ላይ የተሸነፉት አሚር ዐብዱላሂ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በጥር ወር 1855 ሪቻርድ በርተን የተባለ እንግሊዛዊ የአረብ ነጋዴ መስሎ ተነስቶ ሐረር ገብቶ ነበር። ከተማዋ ውስጥ የቆየው አሥር ቀን ነው። በኋላ በጻፈው መጽሐፍ ስለ ከተማዋና ስለ ሰዎቿ ብዙ ክፉ ነገር ተናግሯል። እንዲህ ያለ ሰው እንኳ ሳያደንቅ ያላለፈው አንድ ሥራ አለ፤ እርሱም የኪታብ ጥረዛ ነው። በጥንካሬና በውበት ከፋርስ አገር በቀር የሚበልጣቸው እንደሌለ መስክሯል። ወዳጅ ያመሰገነውን ሰው ሊጠራጠረው ይችላል፤ የማይወድ ሰው ያመሰገነውን ግን ማን ይጠራጠራል?

ታዲያ እነዚያ ኪታቦች የት ይቀመጡ ነበር? ይህን የተረዳነው ጥንታዊውን የሐረሪ ቤት ስንጎበኝ ነው። ቤቱ ለሙዚየምነት የተዘጋጀ ነው። ውስጡ አምስት መደቦች አሉት፤ ነደባ ይሏቸዋል። የቤቱ አባወራ የሚቀመጥበት፣ እንግዳ የሚቀመጥበት፣ ልጆች የሚቀመጡበት ለየብቻው ነው። ግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት የሚያማምሩ ሰፌዶች መካከል በግንቡ ውስጥ የተቦረቦሩ መስኮት መሳይ ቦታዎች አሉ። ቁርኣንና ኪታብ የሚቀመጠው እዚያ ነው። አስተውሉ! ቤቱ ሲሠራ የኪታቡ ቦታ አብሮ ይታሰባል። ከዕቃ ሁሉ ተርፎ የሚቀመጥ አይደለም፤ ቤት የሚሠራ ሰው ምድጃው የት እንደሚሆን አስቀድሞ እንደሚያስበው ሁሉ፣ ሐረሪውም ኪታቡ የት እንደሚሆን አስቀድሞ ያስባል።

ከዚያ ወደ ሁለት ታዋቂ ቤቶች ሄድን። የመጀመሪያው «ራምቦ ቤት» የሚባለው ነው። አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1880 ለንግድ ሐረር የመጣ ፈረንሳዊ ገጣሚ ነው። ቤቱ ግን ራምቦ በ1891 ከሞተ በኋላ አንድ ሕንዳዊ ነጋዴ ያሠራው ነው። ገጣሚው አልኖረበትም። ውስጡ የተሰቀሉት የጥንት ሐረር ፎቶግራፎች ግን መታየት የሚገባቸው ናቸው። ለልጆቹ አንድ ነገር አስተማርኳቸው፤ ሙዚየም ስትገቡ በበሩ ላይ የተጻፈውን ብቻ አትመኑ፣ ጠይቁ፣ አመሳክሩ። ዑለሞቻችን አንድን ሐዲስ ሳይመረምሩ አይቀበሉም ነበር። ታሪክም እንደዚሁ ሰንሰለቱ ሊጠየቅ ይገባዋል።

ሁለተኛው ቤት የሸሪፍ ሙዚየም ነው። የልቤን ቁስል የነካው ይህ ነው።

ሙዚየሙ የሚገኘው በመኳንንቱ ዘመን በተሠራ፣ የራስ ተፈሪ ቤት እየተባለ በሚጠራ የእንጨት ሰገነት ባለው ትልቅ ቤት ውስጥ ነው። መሥራቹ አቶ ዐብዱላሂ ሸሪፍ ናቸው። ደርግ ከወደቀ በኋላ የሐረሪን ባህል ለማወቅ ፈልገው መጀመሪያ የጥንት ዘፈን የተቀዳባቸውን ካሴቶች ማሰባሰብ ጀመሩ። ከዚያ ሳንቲም፣ ጌጣጌጥ፣ ጎራዴና ኪታብ ተከተለ። ሰዎች በየቤታቸው ደብቀው ያኖሩትን እያወጡ ያመጡላቸው ጀመር። እርሳቸውም የራሳቸውን መኖሪያ ቤት ሙዚየም አድርገው ለሕዝብ ከፈቱ። የተጎዱ ኪታቦችን መጠገንና መጠረዝ ተማሩ፤ ለሌሎችም አስተማሩ። በኋላ መንግሥት ይህንን ትልቅ ቤት ሰጥቷቸው ስብስቡ ወደዚያ ተዛወረ። ዛሬ በዚያ ከሺህ በላይ በእጅ የተጻፉ ኪታቦች ይገኛሉ። አንድ ሰው ያለ ብዙ ገንዘብ፣ በጽናት ብቻ ይህን አደረገ!

ኪታቦቹን ባየሁ ጊዜ እግሬ አልንቀሳቀስ አለኝ። ጥቁሩና ቀዩ ቀለም፣ በዳርና በዳር የተጻፈው ማብራሪያ፣ የቆዳው ሽፋን፣ ሽፋኑን የሚመልሰው ምላስ የመሰለው እጥፋት… ሁሉንም አውቀዋለሁ። በልጅነቴ እንዲህ ያለ ኪታብ በእጄ ይዣለሁ። በዚህ መሐል ያ መጀመሪያ ጥያቄ ያነሳው ልጅ ቀረብ ብሎ፣ «ኡስታዝ፣ እርስዎ የወሎ ሰው አይደሉ? እናንተ ቤትስ እንዲህ ያለ የለም?» አለኝ።

ምን ልመልስለት? «ነበረን» አልኩት። «የት ሄደ?» አለ። ዝም አልኩ። በዚያን ቀን ያልመለስኩለትን ዛሬ ለእናንተ ልናገር።

የቅድመ አያቴ እጅ የጻፈው የፊቅህ ኪታብ ነበረን። ሚንሃጅ ነው። ቀለሙን ራሳቸው ከጥላሸትና ከሙጫ አዘጋጅተው፣ ብዕሩን ከመቃ ቀርጸው እንደ ጻፉት አባቴ ይነግረኝ ነበር። ኪታቡ ትልቅ የሆነው ግን በውስጡ ባለው ፊቅህ ብቻ አልነበረም። ሚንሃጅ ታትሞ በየሱቁ ይሸጣል። በመጨረሻው ባዶ ገጾች ላይ ከቅድመ አያቴ ጀምሮ አባቶቼ የቤተሰቡን ነገር በሂጅራ ዓመት ይጽፉ ነበር፤ ማን መቼ ተወለደ፣ ማን መቼ ሞተ፣ በየትኛው ዓመት አንበጣ መጣ። ከብቱ ሁሉ ያለቀበት ክፉ ቀን፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ1888 እስከ 1892 የነበረው ረሃብ፣ እዚያ ተጽፎ ነበር። በዚያ ረሃብ ከመንደራችን ያለቁት ሰዎች በየስማቸው ተቆጥረዋል። ከታተሙት የታሪክ መጻሕፍት ስለዚያ ዘመን ብዙ ማንበብ ይቻላል፤ የበሽታው መነሻ ከውጭ የገባ የከብት በሽታ መሆኑም ታውቋል። የእኛን መንደር ሰዎች ስም የያዘ መጽሐፍ ግን ከዚያ በስተቀር በዓለም ላይ አልነበረም።

አባቴ በ1996 ዓ.ል. ወደ አኼራ ሄደ፤ አላህ ይዘንለት። ኪታቡ በአደራ ለእኔ ደረሰኝ። ያን ጊዜ ሾላ አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ አዲስ ትዳር የመሠረትኩ ነበርኩ። ኪራይ ተጠራቅሞብኛል። አንድ ቀን አንድ ደላላ ደህና የለበሰ ሰው ይዞ መጣ። ሰውዬው አሮጌ የአረብኛ ጽሑፍ እንደሚገዛ ተናገረ። ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አይቶ ዋጋ ጠራ። የሦስት ወር ኪራይ የሚከፍል ገንዘብ ነበር። ለነፍሴ፣ «ይሄ ኪታብ ታትሞ በየሱቁ አለ፤ ልጅ ሳሳድግ አሮጌውን ይዤ ምን እሠራለሁ?» አልኳት። ሸጥኩት። የሰውዬውን ስም እንኳ አልጠየቅኩም።

ለዒድ አገር ቤት ስሄድ ለእናቴ ነገርኳት። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። አልተቆጣችም። ጥቂት ዝም ብላ ቆይታ፣ «የታናሽ እኅትህ ስም ያለበት ገጽስ? እሱም አብሮ ሄደ?» አለችኝ። በሕፃንነቷ የሞተች እኅት ነበረችኝ። ፎቶግራፍ የላትም፤ መቃብሯ ላይ ጽሑፍ የለም። ስሟ በዚህች ምድር ላይ የተጻፈው በዚያ ገጽ ላይ ብቻ ነበር።

ውድ አንባቢያን! የቅመም ወረቀት እየገለበጥኩ የማነበው ለምን እንደ ሆነ አሁን ታወቃችሁ። ኪታቡ ከሰው እጅ ወድቆ፣ ተበታትኖ፣ አንድ ቀን ከሾላ መደብ ላይ ይመለስልኛል ብዬ እመኛለሁ። ከንቱ ምኞት መሆኑን አውቃለሁ። ምናልባት ባሕር ተሻግሯል። ከሐረር የወጣ፣ በ1162 ዓመተ ሂጅራ የተጻፈ አንድ ያማረ ቁርኣን ዛሬ የሚገኘው ለንደን ባለው የኸሊሊ ስብስብ ውስጥ ነው። በዚያ በክብር መቀመጡን አልጠላም፤ ዓለምም የሐረርን ጥበብ አይቶበታል። ሆኖም የጻፈው ሰው የልጅ ልጅ ለማየት ቪዛ ያስፈልገዋል።

በዚያ ሙዚየም ውስጥ ቆሜ የተረዳሁት አንድ ነገር ነው። ጀጎልን ያየ ሰው ሐረርን ያቆያት ግንቡ ነው ይላል። እውነት ነው፤ ከጠላት አቆያት። ነገር ግን ግብጾች ሲገቡ፣ ከዚያም ከጨለንቆ በኋላ ግንቡ ከተማዋን ሊያድን አልቻለም። ያን ጊዜ ታሪኳን ያዳነው በየቤቱ ግድግዳ ላይ ያለው የኪታብ ቦታና ያንን የጠበቁ እናቶችና አባቶች ናቸው። ሙዚየሙ የሞላው ከእነዚያ ቤቶች በወጣ ነገር ነው። ግንቡን ዛሬ መንግሥት ይጠግነዋል፤ ዩኔስኮ ይከታተለዋል። በእናንተ ቤት አልጋ ሥር ያለውን ሣጥን ግን ከእናንተ በቀር የሚጠብቀው የለም።

ድንጋይም ቢሆን ለዘላለም አይቆምም። የነጃሺ መስጂድ ያለበት የትግራዩ ነጋሽ እ.ኤ.አ. በ615 ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ባልደረቦች ጋር ስሙ ተያይዞ የሚነሳ ቦታ ነው። በ2013 ዓ.ል. ጦርነት መስጂዱ በከባድ መሣሪያ ተመትቶ ተጎድቷል። ግድግዳ ገንዘብና ጉልበት ካለ እንደገና ይሠራል። አንድ ቅጂ ብቻ ያለው ኪታብ ከጠፋ ግን ማን እንደገና ይጽፈዋል?

ከሐረር ስንመለስ በአውቶቡሱ ውስጥ ለልጆቹ የቤት ሥራ ሰጠኋቸው። «እያንዳንዳችሁ አያቶቻችሁን ጠይቁ፤ አሮጌ ኪታብ፣ ደብዳቤ፣ ፎቶግራፍ፣ የመሬት ወረቀት፣ የሐጅ ወረቀት ያለው ማን ነው?» አልኳቸው። ብዙም አልጠበቅኩም ነበር። በሁለት ሳምንት ውስጥ አሥራ አንድ ልጆች ወሬ ይዘው መጡ። ከነዚህም አንዷ፣ «አያቴ አልጋ ሥር ጆንያ ሙሉ አለ፤ አያቴ ግን ሊቃጠል ይሻላል ብላ ነበር» አለችኝ። ሮጥኩ ማለት ይቻላል። ከሾላ ብዙም በማይርቅ ሰፈር፣ አንዲት አሮጊት እናት ሟች ባላቸው በማዳበሪያ ጆንያ ያስቀመጡትን ኪታቦች ይዘው አገኘኋቸው። አይጥ በልቶታል፤ እርጥበት ገብቶታል። «ልጆቹ አያነቡት፣ እግር ሥር እንዳይወድቅ ፈርቼ ነው ላቃጥል ያልኩት» አሉኝ። ለክብሩ ሲሉ ነው ሊያቃጥሉት ያሰቡት! ቁጭ ብለን ገጽ በገጽ አየነው። አብዛኛው የተጎዳ ቢሆንም የዳነም ነበረ። በአንደኛው ኪታብ ዳር ላይ ባለቤታቸው ያስቀሯቸው ደረሶች ስም በዐጀም፣ ማለትም በአረብኛ ፊደል በተጻፈ አማርኛ፣ ተዘርዝሮ ነበር። ስሞቹን ሳነብላቸው አሮጊቷ አንድ በአንድ፣ «እሱ በሕይወት አለ… እሱ ሞተ… እሱ ደሴ ነው…» እያሉ ይነግሩኝ ጀመር። ኪታቦቹ አሁን በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልለው በልጃቸው ቤት ይገኛሉ።

እንግዲህ ከዚህ ሥራ የተማርኩትን ላካፍላችሁ፤ ወጪው ትንሽ ነው።

አሮጌ ኪታብ ቤታችሁ ካለ መሬት ላይ አታስቀምጡት፤ ከምድጃ ጢስና ከሚያፈስ ጣሪያ አርቁት። በፌስታልና በማዳበሪያ አታፍኑት፤ እርጥበት ይይዛል፤ በታጠበ ነጭ አቡጀዴ ጠቅልሉት። እርጥበት ከገባው ፀሐይ ላይ አታስጡት፤ ጥላ ባለበትና ነፋስ በሚነካው ቦታ ቀስ ብሎ ይድረቅ። የተቀደደውን ገጽ በፕላስተር አትለጥፉት፤ ማጣበቂያው ከጊዜ በኋላ ወረቀቱን ያበላሸዋል። ስትገልጡት እጃችሁን ታጥባችሁና አድርቃችሁ ይሁን።

ዛሬ በየኪሳችን ስልክ አለ። ከመጀመሪያው ሽፋን እስከ መጨረሻው ባዶ ገጽ ድረስ በተራ ፎቶ አንሱት። ባዶ የመሰለውን ገጽና ዳሩን አትዝለሉ፤ የእኔ ቤተሰብ ታሪክ የነበረው እዚያ ነው። ፎቶውን ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ አስቀምጡ። ኪታቡ የማን እንደ ነበረ፣ ከየት አገር እንደ መጣ፣ ማን ለማን እንዳወረሰው በሌላ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ አብራችሁ አኑሩት። አያቶቻችሁን ዛሬ ጠይቁ፤ ነገ ለመኖራቸው ዋስትና የለንምና።

መጠበቅ ካልቻላችሁ አትሽጡት፤ ለሚጠብቅ ስጡት። ከሾላ ታክሲ ብትይዙ ስድስት ኪሎ ሩቅ አይደለም። በዚያ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1963 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም አለ። በቤተ መጻሕፍቱ ከግዕዙ ብራና ጎን የአረብኛና የዐጀም ጽሑፎች ተሰብስበው ይገኛሉ። ስትሰጡ የሰጣችሁትን በዝርዝር አስጽፋችሁ፣ ስማችሁን አስመዝግባችሁ ማረጋገጫ ተቀበሉ። ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ወንጀል መሆኑን በ1992 ዓ.ል. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ደንግጓል። እንግዲህ ስሙን ሳይነግራችሁ ገንዘብ ቆጥሮ ኪታብ ይዞ የሚሄድ ሰው ሲመጣ የእኔን ነገር አስታውሱ።

ሐረርንም ሂዱና እዩ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። በምድር ላይ ተጉዞ የቀደሙትን ሰዎች ነገር ማየት ቁርኣን ያዘዘን ነው። ዓላማው ፎቶ ተነስቶ መመለስ ሳይሆን ትምህርት መውሰድ ነው። የተወሰደው ትምህርት የሚታወቀው ደግሞ ቤት ስንመለስ በምንሠራው ሥራ ነው። ሙዚየም ውስጥ ያለውን ኪታብ እያደነቀ የራሱን የሚሸጥ ሰው ምን ጎበኘ ይባላል? እኔ ከመጎብኘቴ በፊት ሸጥኩ፤ እናንተ ሳትጎበኙም ቢሆን ጠብቁ።

ያ ልጅ አሁን አድጎ ጎልማሳ ሆኗል። ባለፈው ዓመት መጥቶ የአያቱን የሕይወት ታሪክ በስልኩ ቀድቶ በደብተር ገልብጦ አሳየኝ። በመጨረሻው ገጽ ላይ የቤተሰቡን ሰዎች ስም፣ የሞቱትንም የሕያዋኑንም፣ በተራ ጽፎታል። እኔም ማታ ቤቴ ገብቼ አዲስ ደብተር ገዛሁና እናቴ የነገረችኝን ሁሉ መጻፍ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የእኅቴን ስም ጻፍኩ።

አላህ ያጠፋነውን ይማረን፤ የቀረውንም ለመጠበቅ ያግዘን፤ አባቶቻችንንና እናቶቻችንን በእዝነቱ ይቀበልልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።